የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን

ጻድቁ ኢዮብ ልጆቹን፣ ሀብቱንና ጤናውን አጥቶ በአመድ ላይ በተቀመጠ ጊዜ፣ ሦስት ወዳጆቹ ከየአገራቸው መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ እንደ ተቀመጡ መጽሐፍ ይነግረናል፤ ጥፋታቸው የጀመረውም አፋቸውን ከፍተው መከራው የኃጢአቱ ዋጋ መሆኑን ሊያስረዱት በተነሡ ጊዜ ነው። በይፋት ቆላ ክርስቲያኑ ኢዮብ፣ እስላሙ አዩብ እያለ ትዕግሥቱን ያወሳል፤ እኔን ግን ዘወትር የሚያሳስበኝ የእነዚያ ወዳጆች ዝምታ ነው።

በዚሁ በይፋት፣ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ የአጣዬ ከተማ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳርም የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የጠፋውን ቤት ዐይን ያየዋል፣ ቆርቆሮም መልሶ ይለብሳል፤ በር በተንኳኳ ቍጥር የሚደነግጠውን፣ ማሾው ደርሶለት ለመልቀም ልብ ያጣውን ሰው ግን ማን ያየዋል?

ለመሆኑ ሐኪም ያልሆነ ሰው፣ ያለ ዋጋ በማዳመጥ ብቻ፣ የተጨነቀችን ነፍስ ሊያሳርፍ ይችላልን? በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው ይላል። ቃሉን ከልቤ አከብረዋለሁ፤ ዳሩ ግን የኢዮብ ወዳጆችም ሰዎች ነበሩና፣ ማዳመጥ ትምህርት ያስፈልገዋል እላለሁ። የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. 14 አያቶችን አስተምሮ፣ በጤና ጣቢያ ቅጥር በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን እንዲሰሙ አደረገ፤ በዚያው አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የታተመው ጥናትም በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች ጭንቀት ከሌሎቹ ይልቅ እንደ ቀለለ አሳየ።

እንጀራ የሰጠ ሰው እጁን አራግፎ ይሄዳል፤ የሰማ ሰው ግን የባልንጀራውን ሐዘን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባልና፣ ለአድማጩም አድማጭ ሊኖረው፣ የሰማውንም የነፍስ አባት ኑዛዜን እንደሚጠብቅ አድርጎ ሊጠብቅ ይገባዋል። የአቅሙንም ወሰን ይወቅ፤ የሌለ ድምፅ የሚሰማውን ወይም ሞትን የሚመኘውን ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ያድርሰው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ከጣልያን ዘመን ጀምሮ የቆመው ለዚህ ነው። ጸበሉና ዱዓው ከመድኃኒቱ ጋራ አይጣሉም፤ ሕሙምን በሰንሰለት አስሮ ከጓዳ ማኖር ግን ጸሎትም ሕክምናም አይደለም፣ በደል ነው።

የሸዋ ሮቢትና የመላው ይፋት የዕድር ዳኞች ሆይ፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ቡናውን ለማቅረብ የሚተካከላችሁ የለም። ድንኳኑ ተነቅሎ ጎረቤት ሁሉ ወደ እርሻውና ወደ ንግዱ ከተመለሰ በኋላ ግን ወደ ሐዘንተኛው ቤት የሚመላለሱ ሁለት ሁለት ሰዎች ምረጡ፤ የጤና ጣቢያችሁንም ባለሙያ አስተምርልን ብላችሁ ለምኑት።