አጥቢያ ኮከብን ለምትሰፋ ልጄ

የእናትሽን ነጠላ ሻንጣ ውስጥ አድርገሽ ለዓመታት እንዳስቀመጥሽው አውቃለሁ። አሁን ጥበቡን ቆርጠሽ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ክዊልት ልትሰፊበት መነሳትሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ደስ ያለኝ ልብስ ሳጥን ውስጥ ከሚያረጅ ሰው ላይ ቢያረጅ ስለሚሻል ነው። የፈራሁት ደግሞ አንዴ መቀስ የነካው የእህቴ ጥበብ ተመልሶ ስለማይሸመን ነው። እና ልጄ፣ መቀሱን ከማንሳትሽ በፊት ስሚኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ይህን ኮከብ እኔ የተማርኩት እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብራኝ ትሠራ ከነበረች፣ ላኮታ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከተወለደች ሴት ነው። የላኮታ ሕዝብ የጥንት የክብር ልብሱ የጎሽ ቆዳ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጎሹ ተጨፍጭፎ ሲያልቅ፣ ሴቶቹ ከሚስዮናውያን የተማሩትን የቁርጥራጭ ጨርቅ ስፌት የራሳቸው አደረጉት፤ ኮከቡም የአጥቢያ ኮከብ ሆነላቸው። ዛሬም ሰው ሲከበር ትከሻው ላይ ይደረብለታል፣ ሲሞትም ክዊልቱ ከለቅሶው አይጠፋም። ለእናት መታሰቢያ የመረጥሽው ነገር ትክክል ነው።

መጀመሪያ በወረቀት ቁጠሪው። ኮከቡ ስምንት ትልልቅ ዳይመንዶች አሉት። እያንዳንዱን ስድስት በስድስት ብታደርጊው 36 ትንንሽ ቁራጭ ይዞ፣ ሁሉም ሲደመር 288 ይሆናል። ቀለሞቹ ከመሃል ወደ ውጭ በቀለበት በቀለበት ይሄዳሉ፤ ቀለበቶቹ 11 ናቸው። የመሃሉ ቀለበት 8 ቁራጭ ብቻ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው 16፣ ሦስተኛው 24፤ እንዲህ እያለ ስድስተኛው 48 ይደርስና እየቀነሰ ጫፎቹ ላይ እንደገና 8 ይሆናል። ጀማሪ ሁሉ ከየቀለሙ እኩል ገዝቶ ስድስተኛው ላይ ጨርቅ ያልቅበታል። ተመልሶ ሱቅ ሲሄድ ያንኑ ቀለም አያገኘውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቁራጮቹ የሚወጡባቸውን ጥብጣቦች 2½ ኢንች አድርገሽ ብትቆርጪ፣ ስፌቱ ከሁለቱም ጎን ሩብ ሩብ ኢንች ስለሚበላ 2 ኢንች ይቀራል። የትልቁ ዳይመንድ ጎን 17 ኢንች ገደማ ይመጣል፤ ኮከቡ ከነ ማዕዘኖቹ 58 ኢንች በ58፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

የእናትሽን ጥበብ የት እናድርገው? የሚያይሽ ሁሉ «መሃል ላይ፣ ልቡ ላይ አድርጊው» ይልሻል። እኔ አይሆንም እላለሁ። መሃሉ ላይ ስምንት የሾሉ ጫፎች ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ ስፌት ሁለት ሁለት ጠርዝ ይዞ ስለሚመጣ 16 የጨርቅ ጠርዝ አንዲት ነጥብ ላይ ይከመራል። ጥበብ ደግሞ በተጨማሪ ክር ስለሚያጌጥ በራሱ ወፍራም ነው። መርፌው ይሰበራል፣ ካውያውም አያስተኛውም። ሁለተኛው ቀለበት ላይ አድርጊው። እዚያ መሃሉን እንደ አክሊል ከቦት ይቀመጣል፣ የሚፈልገውም 16 ቁራጭ ብቻ ነው። ያ ወደ 57 ኢንች የሚሆን የጥበብ ርዝመት ይበላል፤ ስለዚህ ነጠላውን አልጋ ላይ ዘርግተሽ በሜትር ለኪው። ካልበቃ እንዲበቃ አትጎትቺው፤ አንድ ጫፍ ዘለሽ አንድ ጫፍ ብታስገቢውም ያምራል።

ሸማና የሱቅ ጥጥ አንድ ጠባይ የላቸውም። ሸማ ላላ ብሎ ስለተሸመነ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ሲቆረጥ ጠርዙ ይተረተራል። ሁለቱንም ለየብቻ እጠቢያቸው፤ ሸማውን በእጅ፣ ለብ ባለ ውሃ። ቀይና ጥቁር ክሩን በእርጥብ ነጭ እራፊ ጠረግ አድርገሽ ቀለም ይለቅ እንደሆነ እዪ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ከተሰፋ በኋላ ነጩ ላይ የወረደ ቀይ መመለሻ የለውም። የሚያብለጨልጭ ክር ካለበት ካውያውን በቀጥታ አታሳርፊበት፣ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ከዚያ በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ መደገፊያ ከጀርባው ለጥፊና ቁረጪ።

ቀለም ስትመርጪ ስለ ውበቱ ብቻ አታስቢ፤ ኮከቡን የሚያበራው የደማቅና የፈዛዛ ልዩነት ነው። ጨርቆቹን ደርድሪና ሲመሽ፣ መብራት ሳታበሪ፣ ዓይንሽን አጥብበሽ እያቸው። ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ ከመሰሉሽ አንዱን ለውጪው።

አሁን ዋናው። ስድስቱን ጥብጣቦች ጎን ለጎን ስትሰፊ እያንዳንዱን ከቀደመው በስፋቱ ልክ ዝቅ አድርገሽ እንደ ደረጃ ጀምሪው። ከዚያ በ45 ዲግሪ ሰያፍ፣ በዚያው በ2½ ኢንች ስፋት ትቆርጫለሽ። እዚህ ጋ ድርና ማጉን አስቢ። የዳይመንዱ ሁለት ጎኖች ከክሩ ጋር ይሄዳሉ፣ አይለጠጡም፤ ሁለቱ ግን ክሩን በሰያፍ ስለሚያቋርጡ እንደ ላስቲክ ይሳባሉ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል ሰምተሻል አይደል? ከመቁረጥሽ በፊት ጨርቁን በስታርች አጠንክሪው። ካውያውን አንስተሽ አሳርፊ እንጂ አታንሸራትቺው። መስመሮቹን ስታጋጥሚ ስፌቶቹ የሚገናኙት ጠርዙ ላይ አይደለም፤ ሩብ ኢንች ገባ ብሎ ነው። ስፒሉን እዚያች ነጥብ ላይ በሁለቱም አሳልፊ።

ስለዚህች ሩብ ኢንች አብዝቼ የምናገረው ስለተቀጣሁባት ነው። የመጀመሪያው ኮከቤ ላይ አንዲት ሚሊሜትር አስበልጬ ሰፋሁ። አንድ ሚሊሜትር ከሁለቱም ወገን ሲበላ ሁለት ነው፤ በአምስት ስፌት አንድ ሳንቲሜትር ይሆናል። እሱን ለማካካስ ሰያፉን እየጎተትኩ አገጣጠምኩት። ስምንቱ ዳይመንዶች ሲገናኙ መሃሉ እንደ ጎጆ ጣሪያ ቆመ። ሌሊቱን አለቀስኩ። ከዚያ ያችው የላኮታ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ ተረተርን፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በእጄ የገባኝ ያኔ ነው።

ስምንቱን ስትገጥሚ ሁለት ሁለቱን፣ ከዚያ አራት አራቱን፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱን ግማሾች በአንድ ረጅም ስፌት። በጫፎቹ መካከል የሚገቡት አራት ካሬዎችና አራት ሦስት ማዕዘኖች ስላሉ ከውጭ በኩል ስፌቱን ከጠርዙ ሩብ ኢንች ሲቀረው አቁሚውና እሰሪው፤ እስከ ጠርዙ ከሰፋሽው ካሬው አይገባልሽም። ካሬዎቹን ገና አትቁረጫቸው። የዳይመንዱ ትክክለኛ ጎን ሲታወቅ ይቆረጣሉ።

ባዘቶውን ከኮከቡና ከጀርባው ጨርቅ መሃል አስገብተሽ ሦስቱን ድርብ በእጅ የምትለቅሚበት ጊዜ ሲደርስ ብቻሽን አትሁኚ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትማማቾችሽን ጥሪና ቡና አፍዪ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ደግሞም እናትሽን የሚያውቁ ሁሉ በነጠላዋ ላይ አንድ አንድ ክር ቢያሳልፉ ደስ ይለኛል።

ለዚህ ሳምንት ግን ነጠላውን ወደ ሻንጣው መልሺው። አሮጌ አንሶላ ቆርጠሽ አንድ ትልቅ ዳይመንድ ብቻ ስፊ። አራቱንም ጎኖች ከስፌት እስከ ስፌት ለኪና ቅዳሜ ደውለሽ ንገሪኝ።