ባለማሳውና ቃራሚው

አዝመራው ታጭዶ ነዶው ወደ አውድማ ከተጋዘ በኋላ፣ በማሳው ላይ ወድቆ የቀረውን ዘለላ እየለቀመ የሚሄደው ሰው ቃራሚ ይባላል። ቃራሚ ሌባ አይደለም። ባለማሳው እያየው፣ አንዳንድ ጊዜም ሆን ብሎ እየተወለት፣ ጎንበስ ቀና እያለ የቻለውን ያህል ለቅሞ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቃርሚያ ብዙ ክርክር ሳያስነሣ በሰላም ሊኖር የቻለው ባለማሳውና ቃራሚው ስለሚተያዩ፣ የቃራሚውም ጉልበት ራሱ ለሥራው ወሰን ስለሚያበጅለት ነው። መተያየቱ ሲቀርና ወሰን ያበጀው ድካም ሲወገድ፣ ልማዱ በስሙ ቢቀጥል እንኳ በባሕርዩ ያው ሆኖ ይቀጥላል ወይ?

ይህ ጥያቄ ከገበሬው ማሳ ርቆ በኮምፒዩተር ዓለም ውስጥ ከተነሣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በኢንተርኔት አንድ ቃል ጽፎ መረጃ የሚሻ ሰው፣ ፍለጋው በዚያች ቅጽበት በዓለም ዙሪያ የሚካሄድለት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚፈለገው አስቀድሞ በተዘጋጀ ማውጫ ውስጥ ነው። ማውጫውን ለማዘጋጀት አንድ ፕሮግራም ወደ አንድ ድረ ገጽ ይሄዳል፤ ጽሑፉን ይገለብጣል፤ በጽሑፉ ውስጥ ወደ ሌሎች ገጾች የሚመሩትን አድራሻዎች ይለቅማል፤ ወደ እነርሱም ይሄዳል፤ ከእነርሱም ሌሎች አድራሻዎችን ይለቅማል። እንግሊዞች ይህን ፕሮግራም «ክሮውለር»፣ ማለትም የሚድኽ፣ ይሉታል። አማርኛ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አለውና በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቃራሚ ይባላል።

የተቃረመው ጽሑፍ ቃል በቃል ይበተንና እንደ ገና ይደራጃል። በገጽ ሥር ቃላት የነበሩት፣ አሁን በእያንዳንዱ ቃል ሥር ቃሉ የሚገኝባቸው ገጾች ይሰለፋሉ። ብልሃቱ አዲስ አይደለም። በ13ኛው ምዕተ ዓመት በፓሪስ የነበሩ የዶሚኒካን መነኮሳት፣ በሁጎ ዘሳን ሼር መሪነት፣ ለላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ያዘጋጁት የቃላት ማውጫ በዚሁ ሥርዓት የተሠራ ነበር። ልዩነቱ መነኮሳቱ የበተኑት አንድን መጽሐፍ፣ ያውም ደራሲዎቹ ከብዙ ዘመን በፊት ያለፉትን መጽሐፍ መሆኑ ነው። የአሁኑ ቃራሚ የሚበትነው ግን በሕይወት ያሉ ሰዎች ትናንት ማታ የጻፉትን ነው።

እዚህ ላይ መሠረታዊው ጥያቄ ይነሣል። ይፋ የወጣ ነገር ሁሉ ለሰብሳቢ የተሰጠ ነው ወይ? የመጀመሪያው መልስ ቀላል ይመስላል። እንዳይነበብ የሚፈልግ ሰው በአደባባይ አይለጥፍም፤ የለጠፈ ደግሞ ማን አነበበብኝ ብሎ ሊያዝን አይገባም። መልሱ እስከተወሰነ ደረጃ ትክክል ነው። ነገር ግን ማንበብና መሰብሰብ አንድ ናቸው ብሎ የሚነሣ በመሆኑ ጥያቄውን ሳይመልስ ያልፈዋል። በገበያ መካከል የሚሄድ ሰው በሁሉም ዘንድ ሊታይ ፈቅዷል፤ አንድ ሰው ከኋላው ተከትሎ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ከማን ጋር እንደተነጋገረ በመዝገብ እንዲያሰፍርበት ግን ፈቅዷል ለማለት ያስቸግራል።

የመጀመሪያዎቹ ቃራሚዎች ያስነሡት ቅሬታ ይህን ያህል ጥልቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ማቲው ግሬይ የኢንተርኔት ገጾችን ብዛት ለመለካት አንድ ቃራሚ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። በዚያው ዘመን ብቅ ካሉት መሰል ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ በፍጥነት እየተመላለሱ፣ ያንኑ ገጽ ደጋግመው እየጠየቁ፣ አቅማቸው አነስተኛ የነበሩትን ኮምፒዩተሮች ያጨናንቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ማርቲን ኮስተር የተባለ ባለሙያ መፍትሔ አቀረበ። ይኸውም እያንዳንዱ ባለ ድረ ገጽ «ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ» የተባለች ትንሽ ፋይል በደጁ ላይ እንዲያኖር፣ በእርሷም ማን እንዲገባ፣ ወደየትኛውም ክፍል እንዳይገባ እንዲያሳውቅ ነው።

የዚህች ፋይል ባሕርይ ሊመረመር የሚገባው ነው። ቁልፍ አይደለችም። የማይታዘዛትን ቃራሚ የምታስቆምበት ምንም ኀይል የላትም። እ.ኤ.አ. በ2022፣ ከ28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች ሥርዓቷን በይፋ ሲያጸድቁ እንኳ፣ በውስጧ የሚሰፍሩት መመሪያዎች የመግቢያ ፈቃድ መስጫና መከልከያ እንዳልሆኑ ግልጽ አድርገዋል። በደጅ ላይ የተጻፈ ቃል ናት፤ ሌላ ነገር አይደለችም። ከዚህ ተነሥቶ ዋጋ ቢስ ናት የሚል ይኖራል። ይሁንና ቁልፍን ማክበር ምግባር አይጠይቅም፤ ጉልበት ያጣ ሁሉ ያከብረዋል። ሊጥሱት እየቻሉ የማይጥሱት ቃል ግን የአክባሪውን ማንነት ይናገራል። ብዙዎቹ የፍለጋ ድርጅቶች ለረጅም ዘመን ይህችን ቃል ሲያከብሩ የኖሩት በከፊል ከጨዋነት፣ በከፊልም ከጥቅም የተነሣ ነበር። ሁለቱን ለይቶ መመዘን ያዳግታል፤ ምናልባትም አስፈላጊ አይደለም።

የጉግል መሥራቾች ሰርጌይ ብሪንና ላሪ ፔጅ ገና የስታንፎርድ ተማሪዎች ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ፍለጋ ሞተራቸው ያወጡት ጽሑፍ በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምር ምስክርነት ይዟል። በዚያን ጊዜ 24 ሚሊዮን ያህል ገጾችን ሰብስበው ነበር። ጽሑፉ በአብዛኛው ስለ ስሌትና ስለ ማከማቻ የሚናገር ሲሆን፣ መሐል ላይ ግን ሰው ብቅ ይላል። ግማሽ ሚሊዮን ያህል አገልጋይ ኮምፒዩተሮችን የሚጎበኝ ቃራሚ ያለማቋረጥ ደብዳቤና ስልክ እንደሚያስከትል ሁለቱ ወጣቶች ይገልጻሉ። ቃራሚ አይተው የማያውቁ ሰዎች ብዙ ገጾቼን ተመልክታችኋልና እንዴት አገኛችኋቸው እያሉ ይጽፉላቸው ነበር። አንዴ ደግሞ ቃራሚው ሳያውቅ በመካሄድ ላይ ወደነበረ ጨዋታ ገብቶ በተጫዋቾቹ መካከል ትርጉም የለሽ መልእክት አዝንቦ ኖሯል። ሌሎችም ነበሩ፤ ይህ ገጽ የባለቤትነት መብት አለውና በማውጫ እንዳይገባ ብለው በተራ ቋንቋ በገጻቸው ላይ የጻፉ። ይህን ዐይነቱን ማሳሰቢያ ቃራሚ ሊረዳው እንደሚቸግረው መናገር እንኳ አያስፈልግም ይላል ጽሑፉ።

በዚህች አጭር አስተያየት ላይ ትንሽ መቆም ተገቢ ነው። እንዴት አገኛችኋቸው ብሎ የጠየቀው ሰው የዋህ ነበር፤ ግን አልተሳሳተም ቢባል ይሻላል። ደጁን የረገጠ ሁሉ እንግዳ ነው፣ እንግዳም አንድ ነገር ይላል ብሎ ነበር የጠበቀው። ወደ ቤቱ የገባው ግን ያየውን ሁሉ ገልብጦ ምንም ያላየ ነው። አትሰብስቡ ብሎ የጻፈው ደግሞ ለማሽን ሳይሆን ለሰው ነበር የጻፈው፤ ማሽኑን የላኩትም ሰዎች ናቸው። ማሽኑ አማርኛም ሆነ እንግሊዝኛ ባለመረዳቱ ልመናው ልመና መሆኑ አልቀረም። መልእክተኛው ደንቆሮ መሆኑ ላኪውን ከመስማት ግዴታ ነጻ የሚያወጣው ቢሆን ኖሮ፣ መስማት የማይፈልግ ሁሉ ደንቆሮ መልእክተኛ ይፈልግ ነበር።

በአንጻሩ የሰብሳቢዎቹም መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ግማሽ ሚሊዮን ባለቤቶችን አንድ በአንድ እየዞሩ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ቢሆን ኖሮ ማውጫው ከቶ ባልተሠራ ነበር። ባይሠራ ደግሞ ተጎጂው ባለጠጋው አልነበረም። የታወቀ ቤተ መጻሕፍት በአቅራቢያው ያለው ሰው ያለ ፍለጋ ሞተርም ይኖራል፤ በገጠር ከተማ ያለው መምህርና የበሽታውን ስም ብቻ የሚያውቀው ሕመምተኛ ግን በሩ ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ አልከለከለም ማለት ፈቅዷል ማለት ነው የሚለው ደንብ ጸና። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ወርቁ የሚገባው በሌላ ሰው ካዝና ነው።

መሰብሰብ ከማሳተም የተለየ ድርጊት መሆኑን በግልጽ ካሳዩት ውሳኔዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የተሰጠው ነው። አንድ ስፔናዊ ለማኅበራዊ ዋስትና መክፈል የነበረበት ዕዳ ያስከተለው የቤት ሐራጅ ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. በ1998 በጋዜጣ ወጥቶበት ነበር። ጉዳዩ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላም ስሙ በጉግል በተፈለገ ቁጥር ያው ማስታወቂያ ይመጣል። ፍርድ ቤቱ ጋዜጣው ያተመው በሕጋዊ መንገድ ቢሆንም እንኳ፣ በሰውየው ስም በሚደረገው ፍለጋ ውጤት ውስጥ ያንን ገጽ ማሳየት ሊቀር ይገባል የሚል አቋም ወሰደ። ወረቀቱ በማኅደሩ ይቀመጥ፤ በየደቂቃው ከማኅደር እያወጡ ማውለብለብ ግን ሌላ ሥራ ነው እንደ ማለት ነው። በርግጥ ይኸው መብት በሹማምንትና በአጭበርባሪዎች እጅ ታሪክን መሰረዣ ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም ሕዝቡ የማወቅ ጥቅም ያለው እንደሆነ ሚዛኑ እንደሚለወጥ ሳያነሣ አላለፈም።

ይህ ሁሉ እንዳይገኝ ስለሚፈልግ ሰው ነው። ሊገኝ ፈልጎ የማይገኝም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ዘንድ የተመሰቃቀለ ምልክት ነበር፤ ቃራሚም ቢደርስበት የሚያነሣው ዘለላ አልነበረም። ከዚያም በኋላ ችግሩ አልተፈታም። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ መካከለኛው ፊደል ደግሞ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ድምፁ ሳይለወጥ 12 መልክ ይኖረዋል። እነዚህን አንድ አድርጎ የማያይ ማውጫ አንዱን የጻፈውን ሰው ከአሥራ አንዱ ጽሑፎች ያለያየዋል። «ቤት» ብሎ የሚፈልግም «ለቤታችን»ንና «ከየቤታቸው»ን የሚያገኘው ማውጫውን የሠራው ሰው የአማርኛን ሰዋስው ልብ ብሎት እንደሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ ደራሲው በአደባባይ ቆሞ እየተናገረ የማይሰማ ይሆናል። ያልከለከለ ፈቅዷል የሚለው ደንብ በእርሱ ላይ የሚሠራው እኩል አይደለም፤ ባይከለክልም አልተነበበም።

ማውጫውን በሥነ ምግባር ረገድ ተቀባይ ያደረገው አንድ ያልተጻፈ ውል ነበር። ሰብሳቢው የሰበሰበውን ይዞ አይቀርም፤ ፈላጊውን እየመራ ወደ ባለቤቱ ደጅ ይመልሰዋል። ማውጫ ጣት ነው፤ ይጠቁማል እንጂ ራሱ አይበላም። ይህ ውል እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በግልጽ ተናግቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን የሚቃርሙ ፕሮግራሞች በብዛት መጥተዋል። እነዚህ ከተለቀመው ጽሑፍ የራሳቸውን መልስ የሚያዘጋጅ ማሽን ይሠራሉ እንጂ፣ ፈላጊውን ወደ ምንጩ መመለስ የግድ ሥራቸው አይደለም። ብዙ የዜና ድርጅቶች በዚያች አሮጌ ፋይል ላይ አዳዲስ የተከለከሉ ስሞች መጻፍ ጀመሩ። ጉግልም በዚያው ዓመት፣ ለፍለጋ እንዲገባ የተፈቀደለት ለማሠልጠኛ እንዳይውል የሚከለከልበትን የተለየ ስም አቀረበ። የ1994ቱ ቃል ሳይታሰብ የዘመኑ ትልቅ ሙግት አደባባይ ሆነ፤ አሁንም ግን ቁልፍ አልሆነም።

የውሉ መናጋት በትንሽ ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው ሁለት ፊት አለው። ተረትና ምሳሌ፣ የአካባቢውን የዛፍና የቅጠል ስም፣ ከአረጋውያን አፍ የሰማውን የሰርግ ሥርዓት እየጻፈ በአንድ ድረ ገጽ የሚያኖር መምህር ቢኖር፣ ለሰብሳቢው ማሽን የእርሱ ጥቂት ገጾች በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ብዙ ገጾች ይልቅ ብርቅ ናቸው። ከከለከለ፣ ነገ በአማርኛ የሚናገረው ማሽን የዛፎቹን ስም ሳያውቅ ይናገራል፤ ተማሪዎቹም ከመምህሩ ሳይሆን ከዚያ ማሽን ይሰማሉ። ከፈቀደ፣ የአረጋውያኑ ቃል ከማን አፍ እንደወጣ ሳይታወቅ በሌላ ድምፅ ተመልሶ ይመጣል፤ ወደ ደጁም የሚመጣ እንግዳ ላይኖር ይችላል። አረጋውያኑ ሲነግሩት ለእርሱ ነው የነገሩት፤ እርሱ ሲጽፈው ለአንባቢ ነው የጻፈው። በፋይሏ ላይ የሚጽፋት መሥመር ግን «ይግባ» ወይም «አይግባ» ከማለት በቀር ከማን፣ ለምን፣ በምን ውል የሚል ቦታ የላትም። መምህሩ እስኪወስን ድረስ ፋይሏ ባዶ ናት፤ ባዶነቷንም ቃራሚው በየሌሊቱ እየመጣ ያነባል።