ወለድ መቀበል ለክርስቲያን ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቅርቡ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ጉባኤ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮናል። ጥያቄውም በየሳምንቱ ለበጎ አድራጎት የምናዋጣው ገንዘብ ከእንጨት ሳጥናችን ወጥቶ ባንክ ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ነበር። ከፊሎቻችን «ባንክ ወለድ ይከፍላል፤ ወለድ ደግሞ በመጽሐፍ የተከለከለ ነውና የድሆችን ገንዘብ ከኃጢአት ጋር አንቀላቅል» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ «በሳጥን የተኛ ገንዘብ ማንን ይጠቅማል?» ብለን ጠየቅን። ክርክሩ በአንድ ቀን ስላላለቀ ከሁለቱም ወገን የተማርነውን በዚህች አጭር ጽሑፍ አንድ ላይ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ ገንዘብ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አባቶቻችን በአሞሌ ጨው ይገበያዩ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ማየቱን ጽፏል። ኋላም የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ብር በገበያችን ነገሠ። አሞሌ ለወጥ ይሆናል፤ የማርያ ቴሬዛም ብር ቀልጦ ለጌጥ ይሆናል። ዛሬ የምንይዘው ወረቀት ግን አይበላም፣ አይለበስም። ሕግ ስላጸናውና እኛም እርስ በርሳችን ስለተማመንበት ብቻ ዋጋ አለው።

ይህንም በ2013 ዓ.ም. በዓይናችን አይተናል። በመስከረም ወር የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡና አዲስ ባለ 200 ብር ኖት እንዲወጣ ተደረገ፤ ለመለወጫውም የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠ። ጊዜው ካለፈ በኋላ በማሰሮና በፍራሽ ውስጥ ተረስቶ የቀረ አሮጌ ኖት ሁሉ ተራ ወረቀት ሆነ። እንግዲህ ገንዘብን መደበቅ ሁልጊዜ መጠበቅ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ባንክ ምን እንደሚሠራ እንይ። በአገራችን ባንክ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የቀድሞው የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራውን ጀመረ፤ እርሱም ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተያያዘ ነበር። በ1923 ዓ.ም. በቦታው የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የግል ባንክ ማቋቋም እንደገና ተፈቀደ። ዘመኑና ባለቤቱ ቢለዋወጥም ሥራው በመሠረቱ አንድ ነው።

ብዙዎቻችን ባንክ ብራችንን በየስማችን ቋጥሮ በካዝና የሚያስቀምጥልን ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባንኩ ከተቀበለው ገንዘብ ከፊሉን ለዕለት ክፍያና በሕግ ለታዘዘው መጠባበቂያ ይይዛል፤ የቀረውን ለነጋዴው፣ ለባለፋብሪካው፣ ቤት ለሚሠራው ያበድራል። ከተበዳሪው ከፍ ያለ ወለድ ይቀበላል፣ ለአስቀማጩ ዝቅ ያለ ወለድ ይከፍላል፤ ከልዩነቱም የሠራተኛውን ደመወዝና የራሱን ትርፍ ያገኛል። አስቀማጮች ሁሉ በአንድ ጧት ተሰልፈው ገንዘባችንን ቢሉ ሁሉንም በዚያው ቀን መክፈል የሚችል ባንክ የለም። ስለዚህ ባንክ ገንዘብ ያስገባ ሰው ሳያውቀው አበዳሪ ሆኗል ማለት ነው። የወለድ ጥያቄ እኛን የሚነካን በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍት እንመለስ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 እና ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ወለድን ሲከለክሉ የሚናገሩት ስለ ችግረኛው ወንድም ነው፤ እጁ ያጠረበትን ሰው ደግፈው እንጂ በችግሩ አትትረፍበት የሚል ትእዛዝ ነው። መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 ደግሞ በረሃብ ዘመን እርሻቸውን አስይዘው፣ ልጆቻቸውን ለባርነት ስለ ሰጡ ሰዎች ይነግረናል፤ ነህምያም ባለጠጎቹን ገሥጾ የወሰዱትን እንዲመልሱ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ17ኛው ቀኖናው ወለድ የሚቀበል ካህን ከሹመቱ እንዲሻር ወስኗል። ቅዱስ ባስልዮስም በችግረኛ ላይ የሚያተርፉትን አበዳሪዎች አጥብቆ ገሥጿል።

ባንኩን የደገፍነው ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለውን የመክሊት ምሳሌ አነሣን። ጌታው መክሊቱን የቀበረውን ባሪያ ሲወቅስ ለለዋጮች ቢሰጠው ከትርፉ ጋር እንደሚያገኘው ተናግሯልና። መምህራችን ይህን ሲሰሙ አረሙን። ምሳሌው ስለ ተሰጠን ጸጋ ነው እንጂ ስለ ባንክ ደብተር የወጣ ፈቃድ አይደለም አሉን። ሆኖም አንድ ነገር ጨመሩልን፤ ባሪያው የተነቀፈው ሰርቆ ሳይሆን ምንም ባለማድረጉ ነው። ይህ ቃል በኋላ እንደምትሰሙት በራሳችን ላይ ደረሰ።

ቋንቋችን ሁለት ስሞች አሉት፤ ወለድና አራጣ። ሕጋችንም ይህንን ልዩነት ያውቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ውል የሚወሰነው ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን ይቀጣል። ነገር ግን ሕግ የሚለካው በቁጥር ነው። ኅሊና ደግሞ ሌላም ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይኸውም «በወዲያኛው በኩል የቆመው ማን ነው?» የሚል ነው።

በኦሪት ዘመን አበዳሪው ባለጠጋ፣ ተበዳሪው ድሀ ነበር። በዛሬው ባንክ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። የቤት ሠራተኛዋ፣ ጡረተኛው፣ ሊስትሮው ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ያስቀምጣሉ፤ ትልቁን ብድር የሚወስደው መያዣ የሚሆን ሕንፃ ያለው ሰው ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ለአስቀማጭ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 5 ወደ መቶ 7 ከፍ ተደረገ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ በዓመት ከመቶ 30 አለፈ። እስቲ እናስላው። 1,000 ብር ያስቀመጠች እናት ከዓመት በኋላ 1,070 ብር ታገኛለች። ቀድሞ በ1,000 ብር ትገዛው የነበረው እህልና ዘይት ግን 1,300 ብር ደርሷል። ይህች እናት 70 ብር ወለድ በላች እንበላትን? እርሷ እንደ እውነቱ ከሆነ ተጎዳች፤ ብድር ወስዶ ሕንፃ የሠራው ግን በረከሰ ገንዘብ ዕዳውን ከፈለ። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ወለድ መቀበል ድሀን መበዝበዝ ነው ማለት አልቻልንም፤ ከጠፋባት ጥቂቱ ተመለሰላት እንጂ።

ክርክራችን እዚህ ላይ ደርሶ ሳለ አንዲት እኅታችን ከኋላ ተነሥታ «እናንተ ስለ ወለድ ስትከራከሩ እናቴ አራጣ እየከፈለች ነው» አለችን። እናቷ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ናቸው። ምጣዳቸው ተሰብሮ፣ ጤፍም ተወድዶባቸው 5,000 ብር ተበደሩ፤ በወር ከመቶ 10። በየወሩ 500 ብር ይከፍላሉ። በአሥር ወር 5,000 ብር ከፈሉ፤ ዋናው 5,000 ብር ግን እንዳለ ነው። በዚያን ጊዜ በሳጥናችን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ብር ነበር። ከኃጢአት ልንጠብቀው ቆልፈንበት ተቀምጠናል።

ያን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ወለድን የተቃወምነውም፣ የደገፍነውም አንድ ላይ ተሳስተን ነበር። መክሊቱን የቀበርነው እኛው ነበርን።

ከጸሎት በኋላ ሦስት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ የእኅታችን እናት ዕዳ ከሳጥኑ እንዲከፈልና እርሳቸውም አቅማቸው እንደ ፈቀደ ያለ ወለድ እንዲመልሱልን። ሁለተኛ፣ ከገንዘባችን እኩሌታው ለእንዲህ ያለ ችግር ያለ ወለድ የሚሰጥ ብድር ሆኖ እንዲቆይ። ሦስተኛ፣ የቀረው ባንክ ገብቶ ወለዱ በሙሉ ለምጽዋት እንዲውል። ያለ ወለድ መረዳዳት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ወላጆቻችን በዕቁብ ተራ በተራ ሲወስዱ፣ በዕድርም ሐዘንን አብረው ሲሸከሙ አይተናል።

ነገ ደመወዝ ስንይዝ፣ አክሲዮንም ስንገዛ ይኸው ጥያቄ ይከተለናል። አክሲዮን የገዛ ሰው በትርፉም በኪሳራውም ይካፈላልና ከአበዳሪ ይለያል፤ ቢሆንም ድርጅቱ በምን ሥራ፣ በማን ላብ እንደሚያተርፍ ሳይጠይቅ መግዛት አይገባውም።

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ወለድ ሁሉ ኃጢአት ነው አንልም፤ የተቸገረን ሰው አንቆ የሚወሰድ ትርፍ ግን በወረቀት ላይ ቁጥሩ ቢያንስም ኃጢአት ነው። ንጹሕ እንሁን ብሎ እጅን አጣምሮ መቀመጥም ከበደል አያድንም። የእኅታችን እናት እስካሁን 1,200 ብር መልሰዋል። ሳጥኑም ባዶውን መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ተነሥቷል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።