ለሄደው ምስጋና፥ ለመጣው ፍትሕ

አንድ ሰው ለብዙ ዘመን ደስ ሲያሰኘን ኖሮ ስፍራውን ለሌላ በለቀቀ ጊዜ፥ ለእርሱ የነበረን ፍቅር ወዴት ይሄዳል? ከእርሱ ጋር አብሮ ይሄዳልን? ወይስ በስፍራው ለተተካው ይተላለፋል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ታማኝነታችን ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይፈትናል። ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን፥ ነገሩን ከጨዋታ ሜዳ በተገኘ ምሳሌ እንመርምረው። «ጨዋታ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ቢኖር፥ ሰው ሳይጠነቀቅ በሚጮህበት ስፍራ ልቡን ይበልጥ እንደሚገልጥ ያስታውስ።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት እግር ኳስ ተብሎ የሚጠራው ጨዋታ እኛ ከምናውቀው የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሲሆን በአብዛኛው በእጅ ይያዛል፥ በእጅም ይወረወራል። ከእያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ከእነርሱም መካከል ኳርተርባክ የሚባለው የማጥቃቱን ሥራ ይመራል። ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚሰጥ ወይም ወዴት እንደሚወረውር በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይወስናል። ስለሆነም ድሉም ሽንፈቱም በአብዛኛው በእርሱ ስም ይነገራል።

በዊስኮንሲን ግዛት የምትገኘው ግሪን ቤይ 100 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ፓከርስ የተባለው ቡድኗ የአንድ ባለጸጋ ንብረት አይደለም፤ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አክሲዮን የገዙ ሰዎች የጋራ ሀብት ነው። ባለ አክሲዮኖቹ ከ500 ሺህ በላይ ሲሆኑ ትርፍ አይከፈላቸውም። በመሆኑም በዚያች ከተማ «ቡድናችን» የሚለው ቃል ከሌላው ስፍራ ይልቅ እውነትነት አለው።

ወደዚህ ቡድን ብሬት ፋርቭ በ1992 መጣ። በጃንዋሪ 1997 ቡድኑን ለሱፐር ቦውል ድል አበቃ። በዲሴምበር 2003 አባቱ በሞቱ ማግስት ተሰልፎ ተጫወተ፤ ቡድኑም አሸነፈ። ከ16 የጨዋታ ዘመናት በኋላ በማርች 2008 እያለቀሰ መሰናበቱን አስታወቀ። ሆኖም ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሐሳቡን ለውጦ «ልመለስ» አለ። ቡድኑ ግን ከ2005 ጀምሮ ሦስት ዓመት ተራውን ሲጠብቅ ለነበረው ለአሮን ሮጀርስ ስፍራውን ሰጥቶ ስለ ነበር፥ ፋርቭን ወደ ኒው ዮርክ ጄትስ አዛወረው። ደጋፊዎች ተከፋፈሉ። ገና አንድም በደል ያልሠራውን ሮጀርስን በልምምድ ሜዳ በጩኸት የተቃወሙት ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ፋርቭ የፓከርስ ባላንጣ ወደ ሆነው ወደ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ገባ። ኖቬምበር 1 ቀን 2009 ወደ ላምቦ ፊልድ ሲመለስ፥ ለ16 ዓመት ያጨበጨበለት ሕዝብ በብርቱ የተቃውሞ ጩኸት ተቀበለው።

እነሆ፥ ሁለት ወገኖች ቆሙ። ከፋርቭ ጋር የጸኑት ሌሎቹን «የበላችሁበትን ወጪት ሰበራችሁ» ሊሉ ይችላሉ። ከቡድኑ ጋር የጸኑት ደግሞ «አንድን ሰው ከቤቱ ሁሉ አስበለጣችሁ» ብለው ይመልሱላቸዋል። ሁለቱም በታማኝነት ስም ይናገራሉ። ታዲያ ማንኛው እውነት አለው?

እንደሚመስለኝ ክርክሩ የሚነሣው ሁለት የተለያዩ ግዴታዎችን አንድ አድርገን ስለምናይ ነው። ምስጋና ወደ ኋላ ይመለከታል፤ የሚነሣውም ከተደረገልን መልካም ነገር ነው። የተደረገው ነገር ደግሞ ከቶ እንዳልተደረገ ሊሆን አይችልም። እምነት መጣል ግን ወደ ፊት ይመለከታል፤ ዛሬ ሥራውን የያዘውን ሰው ይመለከታል። የመጀመሪያው ለፋርቭ ይገባ ነበር፥ ሁለተኛው ለሮጀርስ። የሁለቱ ባለ መብቶች የተለያዩ ስለሆኑ ለአንዱ የሚከፈለው ከሌላው ላይ መቀነስ የለበትም። በሮጀርስ ላይ የጮኹት የፋርቭን ውለታ በሮጀርስ ኪሳራ ከፈሉ። በፋርቭ ላይ የጮኹት በበኩላቸው ዛሬ ስላዘኑ የትናንቱን ዕዳ ሰረዙ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ተጫዋቹ ደመወዙን ተቀብሎ ሄዷል፤ ምን ውለታ አለበት?» የሚል ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ውለታን በሕግ ከሚከፈል ዕዳ ይለያል፤ በምስጋናም ዘንድ ከስጦታው መጠን ይልቅ የሰጪው ፈቃድ ይታያል ብሎ ያስተምራል። ደመወዝ ውሉን ይዘጋል፤ አባቱ በሞቱ ማግስት ለጓደኞቹ የተሰለፈውን ሰው ልብ ግን በገንዘብ አንተምነውም። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ብርታት አለው፤ ይኸውም «ራሱ ወደ ባላንጣ ሄዶ ታማኝነቱን አፍርሷል» የሚል ነው። በእውነቱ ቡድኑ ለወጣቱ የሰጠውን ቃል መጠበቁ ትክክል ነበር። በዚያ ቀን የፋርቭን መሸነፍ መመኘትም ስሕተት አልነበረም፤ በጨዋታ ተጋጣሚ እንዲሸነፍ መፈለግ የተገባ ነውና። ሽንፈቱን መመኘትና ሰውየውን መጥላት ግን ልዩ ልዩ ናቸው። ጆሳያ ሮይስ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1908 ባሳተመው ስለ ታማኝነት በሚናገር መጽሐፉ፥ እውነተኛ ታማኝ የሌሎችንም ታማኝነት የሚያከብር መሆኑን አስረድቷል። ታማኝነታችን የሌላውን ታማኝነት መርገጥ ከጀመረ ራሱን መመርመር ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንመልከት። በፌብሩዋሪ 2011 ሮጀርስ ቡድኑን ለሱፐር ቦውል ድል አበቃ። በ2015 ደግሞ ፋርቭ በቡድኑ የዝነኞች መዝገብ ገባ፤ ይለብሰው የነበረው 4 ቁጥርም ለሌላ እንዳይሰጥ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 26 ቀን፥ በአሜሪካውያን የምስጋና በዓል ምሽት፥ ስሙና ቁጥሩ በላምቦ ፊልድ በይፋ ታየ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሱፐር ቦውሎች ለቡድኑ ያስገኘው ባርት ስታር፥ በሕመም ደክሞ ሳለ፥ በሜዳው ተገኘ። በዚያው ምሽት በጨዋታው የተሰለፈው ሮጀርስ ነበር። ሦስት ትውልድ በአንድ ሜዳ ታየ፤ ሕዝቡም ለፋርቭ አጨበጨበ።

ይህ ዕርቅ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከባድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ከ1992 እስከ 2007 የተሠራው ሥራ በ2009ም ሆነ በ2015 ያው ነበር። የተለወጠው የሕዝቡ ቁስል መሻሩ ብቻ ነው። ምናልባትም ለቁስሉ መሻር የአዲሱ ሰው ድል ረድቶት ይሆናል። ሮጀርስ ባይሳካለት ኖሮ ይቅርታው ይመጣ ነበርን? አርስቶትል በጥቅም ላይ የቆመ ወዳጅነት ጥቅሙ ሲያልቅ አብሮ እንደሚያልቅ ይናገራል። ጥቅም ሲገኝ ብቻ የሚመለስ ምስጋናም የዚያው ወገን እንዳይሆን ያሰጋል። በጥጋብ ጊዜ ይቅር ማለት ቀላል ነው፤ የሰው ልብ የሚፈተነው ግን ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ነው።

ታሪኩም ተደገመ። በ2020 ቡድኑ ጆርዳን ላቭ የተባለ ወጣት መረጠ፤ እርሱም እንደ ሮጀርስ ሦስት ዓመት ጠበቀ። በ2023 ሮጀርስ እንደ ፋርቭ ወደ ኒው ዮርክ ጄትስ ተዛወረ። የተተካው ሰው በተራው ተተካ። ስፍራ የማንም ርስት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን፤ ዛሬ የምናነጻጽረው ሰው ነገ መነጻጸሪያ ይሆናል።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። የተወደደ መምህር ሲዛወር፥ ለብዙ ዓመት ያገለገለ ሽማግሌ ቦታውን ለወጣት ሲለቅ፥ ያንኑ እናደርጋለን፤ አዲሱን ገና ሥራውን ሳናይ «እንደ ቀድሞው አይሆንም» እንለዋለን፤ ወይም በወረት ተይዘን የቀድሞውን ስም ማንሣት እንተዋለን። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ። ለሄደው የማመሰግነው ምን አለኝ? የመጣውስ በራሱ ሥራ እንዲመዘን ዕድል ሰጥቼዋለሁ? ሁለቱን በቅንነት የመለሰ ሰው ከማንኛቸውም ፊት ቢቆም አያፍርም።