እርቅና ዝምታ አንድ አይደሉም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ትሰማላችሁ። ያን ቃል እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ። አንዳንዴ ታዲያ በወንዶች በኩል የቆመውን ባል፣ በሴቶች በኩል የቆመችውን ሚስት አውቃቸዋለሁ። በሳምንቱ ውስጥ የክስ ወረቀት ይዘው ሲመላለሱ የከረሙ ናቸው። ሁለቱም አጠገባቸው ላለው ሰው እጅ ይነሣሉ። ሁለቱም ጾመኞች ናቸው። ሥጋና ወተት ትተን የልጆቻችንን እናት፣ የልጆቻችንን አባት በአደባባይ የምናዋርድ ከሆነ ጾማችን ምኑ ላይ ነው?

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባ ይዞ የመጣ ሰው አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አስተምሮናል። ልብ በሉ! የሚሄደው የተቀየመው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ያስቀየመው ነው ሂድ የተባለው። ስለዚህ "እኔ ይቅር ብያለሁ" ብሎ ቤት መቀመጥ አይበቃም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ምእመናን ከመካከላቸው አስታራቂ አጥተው በአሕዛብ ዳኛ ፊት መካሰሳቸውን ነቅፏል።

አንዳንዶች "ፍርድ ቤት ከተገባ ወዲያ ሽምግልና አበቃ" ይላሉ። እንዲያ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ጥያቄ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ሽማግሌውን ግን ከደጅ አላባረረም። ዳኛው ባልና ሚስቱን ያነጋግራል፤ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ነገራቸውን እንዲጨርሱ ሊመራቸው ይችላል፤ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። መለያየቱ የማይቀር ከሆነም ስለ ልጆቻቸውና ስለ ንብረታቸው ተስማምተው፣ ስምምነታቸውን ለፍርድ ቤት አቅርበው ማስጸደቅ ይችላሉ። እንግዲህ የሥጋ ሕግ ይህን ያህል ካሰበ እኛ የወንጌል ልጆች ምን ያህል ልናስብ ይገባን ነበር?

ግን እርቅ ሁሉ እርቅ ነው ወይ? የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ፣ ከሽማግሌዎች ጋር የተጣሉ ባልና ሚስት ቤት ገባሁ። የወሰዱኝ ጸሎት እንዳደርስና ቃለ እግዚአብሔር እንድናገር ነው። ባልየው ብዙ ተናገረ። ሚስቲቱ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። እኛም ዝምታዋን እሺታ አድርገን ወሰድነው። አንዱ አባት "ልጄ፣ ትዳር እኮ መቻል ነው" አሏት። እኔም ስለ ትዕግሥት ጨመርኩላት። ጉልበት ተሳመ፣ ቡና ተፈላ፣ ተመራርቀን ወጣን። በሦስተኛው ሳምንት ያበጠ ዓይኗን በነጠላ ሸፍና ቤተ ክርስቲያን አገኘኋት። "ዲያቆን፣ ያን ቀን እኮ ልናገር ነበር። ማን ጠየቀኝ?" አለችኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ከእንጦጦ ጋራ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አይታችኋል። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ከኋላ ትደግፋታለች። ጭነቱ ካዘነበለ ታስተካክልላታለች፤ ከከበዳትም ታሳርፋታለች። ሽማግሌ ማለት ይህ ነው። እኛ ግን ያን ቀን በጎበጠ ጀርባ ላይ ሌላ እንጨት ጨምረን "በርቺ" ብለን ተመለስን። ያ እርቅ አልነበረም፤ ዝም ማሰኘት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ሽማግሌ ባልንም ሚስትንም አስቀድሞ ለየብቻ ይስማ፤ በመካከሉም አስተዋይ እናት ትኑር። ሁለተኛ፣ "እክሳለሁ፣ እተዋለሁ" የተባለው ነገር መፈጸሙን ተመልሶ ይጠይቅ፤ የእርቅ ቀን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዱላ ካለ አስቀድሞ የተመታችውን ከአደጋ ማውጣት ይገባል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ የትዳር ጓደኛን መደብደብ በግልጽ ወንጀል አድርጎታል። ለፖሊስ ያመለከተችን ሴት "ሽምግልና ረገጠች" አንበላት።

በተክሊልና በቅዱስ ቁርባን የተጋባችሁ፣ ነገሩ ሳይከር ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። የፍርድ ቤት ወረቀት በቤተ ክርስቲያን ያለውን ጉዳይ አይጨርስም።

መለያየት ከመጣ ደግሞ እርቅ ቀረ ማለት አይደለም። በአንድ ጣሪያ ሥር የማይኖሩ ሰዎችም ሊታረቁ ይችላሉ። የልጅን ቀለብ ሳይጎትቱ መስጠት እርቅ ነው። ልጅን መልእክተኛና ሰላይ አለማድረግ እርቅ ነው። የቤቱን ገመና ለጎረቤት አለማውጣት፣ ያጠፉትንም "አዎ፣ በድያለሁ" ማለት እርቅ ነው።

ወገኖቼ፣ የሁዳዴ 55 ቀናት ሳያልቁ፣ ለሰሙነ ሕማማት ስግደት ሳንደርስ፣ ያሳዘንነውን ሰው እናስብ። ሄደንም አንድ ነገር ብቻ እንጠይቀው፤ "ምን አድርጌህ ነው? ምን አድርጌሽ ነው?" ከዚያ ዝም ብለን እንስማ። በዚህ ጊዜ ዝምታው የእኛ ይሁን።

የሰላም አምላክ እውነት ያለበትን እርቅ ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።