ኖላዊና አሠልጣኝ

በበጋ ወራት ከአፋር ቆላ የሚመጡ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደ ጨፋ ሮቢት ረግረግ ሲያስገቡ አስተውሎ የተመለከተ ሰው፣ እረኛው በትሩን በትከሻው አጋድሞ፣ ከመንጋው ኋላ፣ ከምታነክሰው ላም ጎን፣ በፉጨት ብቻ እየመራ ሲያዘግም ያያል።

አዲስ የተሾመ የቡድን አሠልጣኝስ ሥልጣኑን ከሹመት ደብዳቤው ያገኘዋልን፣ ወይስ ከተጫዋቾቹ ልብ? ቅዱስ ወንጌል ቸር ኖላዊ ነፍሱን ስለ በጎቹ አሳልፎ እንደሚሰጥ ያስተምራል፤ በጨፋ አካባቢ የሚበዙት ሙስሊሞችም ሰው ሁሉ እረኛ እንደ ሆነና ስለ መንጋው እንደሚጠየቅ ከነቢያቸው ተቀብለዋል፤ ሁለቱም ሥልጣንን ዕዳ እንጂ ርስት አያደርጉትም። የአባቶቻችን የገና ጨዋታ ይህንኑ ምስጢር በሜዳ ገልጦታል፤ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዞ እሩሯን፣ ማለት ኳሷን፣ የሚያሳድድ ጌታ፣ ሎሌው ቢመታው እንኳ መቆጣት አይገባውም ነበርና።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቡድናችን ከግብፅ ጋር መደበኛውን ጊዜ 2 ለ 2 ጨርሶ፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፣ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ረጅም ዘመን የተጫወቱ ነበሩና፣ የዛለ እግር ምን እንደሚሰማው ከማንም መማር አላስፈለጋቸውም። ተግሣጽ የግድ ነው፤ ነገር ግን ድካምን በገዛ ሥጋው ያላወቀ ሰው ደካማውን ሲገሥጽ፣ ቃሉ ከጆሮ አልፎ ልብ ይደርሳል ብዬ አላምንም። የጨፋው እረኛ ፉጨቱን ለአፍታ ሲያቆም፣ ያቺ ላም ዘወር ብላ ትፈልገዋለች።