ጥርስን ስለ ማቃናት

አንባቢ ሆይ፤ ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ ሰው የተዛነፈ ጥርሱን በሽቦ ሊያቃና ቢወድ፥ ይህ የፈጣሪን ሥራ መንቀፍ ነውን? ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ፍርዱ እንዲህ በችኮላ የሚሰጥ አይመስለንም።

ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ችንካር ደርቆ የተተከለ ነገር አይደለም። ሽቦው ሳያቋርጥ በቀስታ ሲገፋው፥ በሚሄድበት ወገን ያለው አጥንት ይሟሟል፤ በተወው ስፍራም አዲስ አጥንት ይበቅላል። ይህም በልጅ ብቻ ሳይሆን፥ ድዱና አጥንቱ ጤነኛ በሆነ ጎልማሳ ሁሉ ይሆናል። እንግዲህ ሐኪሙ የሚሠራው ፈጣሪ በአጥንት ባኖረው ሕግ ነው። የተሰበረ እግር የሚጠግነውን ወጌሻ ማንም አይነቅፈውም።

ደግሞም ነገሩ የመልክ ብቻ አይደለም። ኤድዋርድ አንግል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. የጥርስን አለመግጠም በሦስት ክፍል ሲለይ፥ መሠረት ያደረገው የላይና የታች መንጋጋ ጥርሶች የሚገናኙበትን አኳኋን ነበር። ጥርሱ የማይገጥም ሰው እንጀራውን በደኅና ላያኝክ፥ ቃሉንም አጥርቶ ላይናገር ይችላል።

ስለ መልክ ብቻ የሚሻው ግን ለማን ዓይን እንደሚደክም ራሱን ይጠይቅ። በአገራችን ፍንጭት የውበት ምልክት ነው፤ በሌላ አገር ያንኑ ፍንጭት ለማዘጋት ገንዘብ ይከፈላል። ሳሙኤልም በእሴይ ቤት ኤልያብን ባየ ጊዜ ቁመናው አስቶት ነበር።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። የሠራተኛውን ደመወዝ አቆይቶ፥ ወይም የእናቱን መድኃኒት አስቀርቶ ጥርሱን የሚያቃና ሰው የሌላውን ገንዘብ በአፉ ይሸከማል። ድካሙም ሽቦው በወለቀ ቀን አያልቅም፤ ጥርስ ወደ ቀድሞ ስፍራው መመለስ ይወዳልና፥ ማጽኛውን ሌሊት ሌሊት ለብዙ ዓመት ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ሳይናገር ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም፥ እንደ እኔ አሳብ፥ ሚዛን ከሚያጓድል ነጋዴ አይሻልም።

ነገር ግን በእጁ አፉን ሳይሸፍን መሳቅ ስለ ተመኘ ብቻ ወደ ሐኪም የሚሄደውን ሰው ምን እንለዋለን? ይህ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጥርሱ ቅጽል ስም ሲጠራ ኖሯል። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹና የገዛ ዘመዶቹ ናቸው፤ ዛሬም ሽቦውን ባዩ ጊዜ ከንቱ ውዳሴ ፈላጊ ነው ብለው የሚፈርዱበት እነርሱው ናቸው።